«ይህ አገልግሎት በአገርዎ አይሰጥም» ሲባል፦ ስለ ማንጋ ዋጋና አገኛኘት የአንባቢያን ጥያቄዎች

ከጃፓን ውጭ ሆነው ማንጋ (የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ) የሚያነቡ ሰዎች ከላኩልን ጥያቄዎች ተደጋግመው የመጡትን መርጠናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለስሌት እንዲቀል 1 ዶላርን በ150 የን መንዝረናል፤ እርስዎ ሲያሰሉ የዕለቱን ምንዛሪ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ጃፓን ውስጥ አንድ ቅጽ 550 የን አካባቢ ነው፤ 4 ዶላር እንኳ አይሞላም። ያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሲወጣ 12 ዶላር ይባላል። ልዩነቱን የሚወስደው ማን ነው?

ጠቅልሎ የሚወስደው አንድ ሰው የለም፤ መንገድ ላይ ብዙ እጅ ይካፈለዋል። በመጀመሪያ ግን የጃፓኑ ዋጋ ለምን ዝቅ እንዳለ እንይ። ታሪኩ በቅጽ ከመታተሙ በፊት በሳምንታዊ ወይም በወርሃዊ መጽሔት ወጥቷል፤ ለሠዓሊው በየገጹ የሚከፈለውም ያኔ ተከፍሏል። ቅጹ ሲታተም የሚቀረው ወጪ በዋናነት ወረቀት፣ ሕትመት፣ ማከፋፈያና ሮያሊቲ (ለደራሲው ከሽያጩ የሚከፈል ድርሻ) ነው። ታዋቂ ሥራ በመቶ ሺዎች ስለሚታተም ይኸው ወጪ ለአንድ ቅጂ ሲካፈል ትንሽ ይሆናል። ከ1953 ጀምሮ ደግሞ የጃፓን የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ መጻሕፍትን ለይቶ አሳታሚው የችርቻሮ ዋጋቸውን እንዲወስን ይፈቅዳል። አዲስ መጽሐፍ በዋና ከተማም ሆነ በገጠር ሱቅ የሚሸጠው ሽፋኑ ላይ በታተመው ዋጋ ነው።

የእንግሊዝኛው ትርጉም ከዜሮ ይጀምራል። የውጭው አሳታሚ አስቀድሞ ለመብቱ ይከፍላል፤ መጽሐፉ ባይሸጥም ያ ገንዘብ አይመለስም። ቀጥሎ ተርጓሚ አለ፣ ትርጉሙን በንግግር አረፋዎቹ ውስጥ የሚያስገባ ባለሙያ አለ፣ ከሥዕሉ ጋር አብረው የተሣሉትን የድምፅ ቃላት አጽድቶ የሚተካ አለ፣ አርታኢም አለ። መጽሐፍ መደብሩና አከፋፋዩ በመካከላቸው ከሽፋኑ ዋጋ ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ። ከ12 ዶላሩ ወደ 6 ዶላር የሚሆነው አሳታሚው እጅ ሳይገባ ይቀራል ማለት ነው። የቀረው ደግሞ ከጃፓኑ እጅግ ባነሰ የቅጂ ብዛት ላይ ይደለደላል።

ለአሳታሚዎቹ ወገን ግን አንድ ነገር እንመስክር። የአሜሪካው የማንጋ አሳታሚ ቶኪዮፖፕ በ2002 ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበቡ ቅጾቹን የሚሸጠው በ9.99 ዶላር ነበር። ያ ገንዘብ በዛሬው የአሜሪካ ዋጋ ከ17 ዶላር በላይ ይሆናል። የሌላው የአሜሪካ አሳታሚ የቪዝ «ሾነን ጃምፕ» ቅጽ አሁን 11.99 ዶላር ስለሆነ፣ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሲነጻጸር ትርጉሙ ረክሷል እንጂ አልተወደደም። ክፍተቱን ያሰፋው የየኑ መውደቅ ነው። በ2011 መጨረሻ 1 ዶላር 77 የን አካባቢ ሲመነዘር፣ 420 የን የነበረው የጃምፕ (የጃፓኑ ሳምንታዊ የማንጋ መጽሔት) ቅጽ 5.45 ዶላር ይመጣ ነበር። ዛሬ ቅጹ 570 የን ቢደርስ እንኳ 3.80 ዶላር ነው። ጃፓናዊው አንባቢ ተወደደብኝ ይላል፣ የውጭው ረከሰልኝ ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ፈረንሳይኛ የሚያነቡ ከሆነ ደግሞ ሌላ አማራጭ አለዎት። ፈረንሳይ ከጃፓን ውጭ ካሉት ትልልቅ የማንጋ ገበያዎች አንዷ ስለሆነች የሕትመቱ ብዛት ከፍ ይላል፤ የተለመደው ቅጽ 7 ዩሮ አካባቢ ነው። እዚያም ከ1981 ወዲህ በሕግ የመጽሐፍ ዋጋ ቋሚ ስለሆነ ከ5 በመቶ በላይ ቅናሽ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ አንዱን አፕ ስከፍት «በአገርዎ አይሰጥም» ይለኛል፣ ሌላው ይሠራል። ሁለቱም የጃፓን ማንጋ ሆነው ሳለ ይኼ ለምን ይሆናል? የትኛውንስ ልሞክር?

የማንጋ መብት የሚሸጠው በቋንቋና በግዛት ተከፋፍሎ ነው። የአንድ ሥራ የእንግሊዝኛ መብት ለሰሜን አሜሪካ ብቻ ተሽጦ ከሆነ፣ ገዢው ኩባንያ ለሌላው ዓለም ልሽጥ ቢል እንኳ አይችልም። አፑ አገርዎን የከለከለው ብዙ ጊዜ የተፈረመው ውል ስላላካተታት ነው።

መጀመሪያ መሞከር ያለብዎት «ማንጋ ፕላስ»ን ነው። የጃምፕ አሳታሚ የሆነው ሹዌይሻ ራሱ በጥር 2019 የከፈተው ስለሆነ በመካከል የውጭ አሳታሚ የለም፤ ከጃፓን፣ ከቻይናና ከደቡብ ኮሪያ በስተቀር በመላው ዓለም እንዲሠራ ተደርጎ ነው የወጣው። የእያንዳንዱ ሥራ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ሦስት ሦስት ምዕራፎች በነፃ ይነበባሉ። በስልኩ አፕ ላይ ደግሞ በመውጣት ላይ ያሉ አብዛኞቹን ሥራዎች አንድ ጊዜ ብቻ ከዳር እስከ ዳር በነፃ ማንበብ ይቻላል፤ ክፍያ የሚጠየቀው ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለሱ ነው። ስለዚህ መቶኛውን ምዕራፍ ለናሙና ነክተው አይውጡ፤ የነፃ ዕድልዎን ቁጭ ብለው በሚያነቡበት ሰዓት ይጠቀሙበት። በ2023 የመጣው ወርሃዊ ክፍያ ሁለት ደረጃ አለው። በ1.99 ዶላሩ በመውጣት ላይ ያሉት ሥራዎች ይከፈታሉ፤ በ4.99 ዶላሩ ያለቁትም ይጨመራሉ። ፍላጎትዎ የዚህ ሳምንት ምዕራፍ ከሆነ ትልቁ ደረጃ ትርፍ ወጪ ነው። ያለቀ ረጅም ሥራ ለመጨረስ ከፈለጉ ግን ለአንድ ወር ትልቁን ከፍለው፣ አንብበው፣ መሰረዝ ያዋጣል።

የቪዝ «ሾነን ጃምፕ» አፕ በወር 2.99 ዶላር ነው፤ በቀን እስከ 100 ምዕራፍ ያስነብባል፤ የቆየ ክምችቱም ሰፊ ነው። አገልግሎቱ የተፈቀደላቸው አገሮች ግን ጥቂት ናቸው፦ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ፊሊፒንስ፣ ሲንጋፖርና ሕንድ። ከነዚህ በአንዱ የሚኖር ሰው ከዚህ የረከሰ ሕጋዊ ንባብ በቀላሉ አያገኝም። የሌላው የጃፓን አሳታሚ የኮዳንሻ «ኬ ማንጋ» በግንቦት 2023 ሲጀምር አሜሪካ ላይ ብቻ ነበር፤ በኋላ ወደ ሌሎች አገሮች ሰፍቷል። ከወራት በፊት ሞክረው ያልሠራልዎት ከሆነ እንደገና ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ በቪ ፒ ኤን (ያሉበትን አገር በሚደብቅ የኢንተርኔት መሣሪያ) አገሬን ቀይሬ ብገባስ?

የመክፈያው በር ላይ ይቆማሉ። አፖቹ አገርዎን የሚያጣሩት በሦስት ነገር ነው፦ በኢንተርኔት አድራሻዎ፣ በአፕ መደብር መለያዎ አገርና በካርድዎ የክፍያ አድራሻ። ቪ ፒ ኤን የሚሸፍነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከዚያም በላይ የአገልግሎት ውሉን ስለሚጥስ መለያዎ ሊዘጋና የከፈሉበት ሁሉ አብሮ ሊሄድ ይችላል።

የመደብሩን አገር መቀየር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አፕል አገር ከመቀየርዎ በፊት የቀረውን ሒሳብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እንዲጨርሱና ያሉዎትን ወርሃዊ ክፍያዎች እንዲያቋርጡ ይጠይቃል። ጉግል ፕሌይ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀይራል፤ በአሮጌው አገር የነበረው ቀሪ ሒሳብም በአዲሱ አገር አይሠራም። የስጦታ ካርድም ለታተመበት አገር ብቻ ስለሆነ ርካሽ ሲያገኙ አገሩን ሳያዩ አይግዙ። በእርግጥ አገር ለቀው ሌላ ቦታ የሰፈሩ ከሆነ ግን መቀየሩ ተገቢ ነው፤ ከመሄድዎ በፊት ሒሳቡን ይጨርሱ።

ጥያቄ፦ በነጥብ የሚያስከፍሉ አፖች ላይ ምን ያህል እያወጣሁ እንደሆነ አላውቀውም። እንዴት ላስላው?

ነጥብ የተፈጠረው እንዳያውቁት ነው ቢባል ግነት አይሆንም። ስሌቱ ሦስት ደረጃ አለው፦ የነጥቡን ጥቅል ዋጋ ለነጥቦቹ ብዛት ያካፍሉ፤ ውጤቱን አንድ ምዕራፍ በሚጠይቀው ነጥብ ያባዙ፤ ከዚያ አንድ ቅጽ ውስጥ ባሉት ምዕራፎች ብዛት ያባዙ። ለምሳሌ 1,000 ነጥብ በ10 ዶላር ገዝተው ምዕራፉ 60 ነጥብ ቢሆን፣ አንድ ምዕራፍ 60 ሳንቲም ይመጣል። ሳምንታዊ ማንጋ በምዕራፍ 19 ወይም 20 ገጽ ስለሆነ አንድ ቅጽ 9 ምዕራፍ ገደማ ይይዛል፤ 5.40 ዶላር ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ከኤሌክትሮኒክ ቅጹ ዋጋ በታች ነው።

ነገሩ የሚበላሸው በወርሃዊ ማንጋ ላይ ነው። ወርሃዊ ምዕራፍ 40 ወይም 50 ገጽ ስለሆነ አንዳንድ አፖች ለሁለት ወይም ለሦስት ቆርጠው ለእያንዳንዱ ቁራጭ ያስከፍላሉ። አራት ምዕራፍ በሦስት ሲቆረጥ 12 ቁራጭ ነው፤ ከላይ ባለው ስሌት 7.20 ዶላር። በቅጹ ላይ የሚጨመሩት ተጨማሪ ገጾችም ብዙ ጊዜ በምዕራፍ ሽያጩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ምዕራፉ ስንት ገጽ እንደሆነ ይቁጠሩ፤ ከ20 በታች ሆኖ በአርእስቱ ላይ «ክፍል 1» ወይም ቁጥር በቅንፍ ካለ ተቆርጧል።

የነጥብ ዕድሜም ይታይ። ብዙ የጃፓን አፖች ነጥብን በስድስት ወር ውስጥ የሚያቃጥሉት በዘፈቀደ አይደለም፤ በጃፓን የክፍያ ሕግ መሠረት የአገልግሎት ዘመኑ ከስድስት ወር የማያልፍ ቅድመ ክፍያ፣ ኩባንያው ለደንበኞች ገንዘብ መያዣ እንዲያስቀምጥ አያስገድድም። ትልቅ ጥቅል በቅናሽ ገዝቶ ግማሹን ማቃጠል ከትንሽ ጥቅል ይወደዳል። የአፕ መደብሮቹ ከሽያጩ ከ15 እስከ 30 በመቶ ስለሚወስዱ፣ አሳታሚው በራሱ ድረ ገጽ ላይ ነጥብ የሚሸጥ ከሆነ እዚያ የተሻለ ዋጋ ወይም ምርቃት ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱን ሳያመሳክሩ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሮኒክ የገዛሁት ማንጋ ለዘለዓለም የእኔ ነው?

አይደለም። የገዙት የማንበብ ፈቃድ ነው። «ጄማንጋ» የሚባለው፣ የጃፓን አሳታሚዎች በጋራ የደገፉት የእንግሊዝኛ መሸጫ በ2013 ሲዘጋ፣ ከግንቦት መጨረሻ በኋላ የተከፈለባቸው መጻሕፍት ጭምር መከፈት አቆሙ። ሁልጊዜ እንዲህ ይከፋል ማለት አይደለም፦ የኮሚክሶሎጂ (የሥዕላዊ ታሪክ መሸጫ) አፕ በታኅሣሥ 2023 ሲቆም የደንበኞቹ መጻሕፍት ወደ አማዞን ማንበቢያ ኪንድል ተዛውረዋል፤ የተጎዳው የአነባበብ ምቾቱ ነው። ደጋግመው የሚመለሱበትን ሥራ በወረቀት ይግዙ፤ አንድ ጊዜ አንብበው የሚተዉትን በወርሃዊ ክፍያ ያንብቡ። በአንድ ሥራ ላይ በየቅጹ 10 ዶላር እየከፈሉ ፈቃድ ማከማቸት ከሁሉም የሚከፋው ምርጫ ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ ጃፓንኛ አነባለሁ። የወረቀት ቅጾችን ከጃፓን ማስመጣት እፈልጋለሁ፤ መላኪያው ግን ከመጽሐፉ በለጠብኝ። የት ነው ስህተቴ?

በጥቂቱ ማዘዝዎ ላይ ነው። የጃምፕ መጠን ያለው ቅጽ (11 በ17.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ከ150 እስከ 200 ግራም ይመዝናል። የጃፓን ፖስታ ኢ ኤም ኤስ (ፈጣን ዓለም አቀፍ መላኪያ) የመጀመሪያ እርከን 500 ግራም ነው፤ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አፍሪካ ይኸው እርከን ከ3,000 የን ያልፋል። ሁለት ቅጽ ያዘዘ ሰው 1,100 የን ለመጽሐፍ፣ ከዚያ ሦስት እጥፍ ገደማ ለመላኪያ ከፈለ ማለት ነው። ክብደቱ ሲጨምር ግን የእያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ እየወረደ ይሄዳል።

ያገለገለ የ20 ቅጽ ስብስብን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። 20 በ175 ግራም 3.5 ኪሎ ነው፤ ካርቶንና መሙያ ሲጨመር ወደ 4 ኪሎ። ዓለም አቀፉ አነስተኛ ጥቅል 2 ኪሎ ላይ ስለሚቆም ለሁለት ጥቅል መከፋፈል ሊኖርብዎት ነው። መጽሐፍ ብቻ ከሆነ ግን «የታተመ ጽሑፍ» በሚለው ክፍል እስከ 5 ኪሎ መላክ ስለሚቻል ሳይከፋፈል በአንድ ጥቅል ይሄዳል። በመርከብ ከሆነ ከሁሉም ይረክሳል፤ ወደ ሩቅ አገር ግን ሁለትና ሦስት ወር ይፈጃል። መርከቡን የሚመርጡ ከሆነ ስብስቡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ ካርቶኑ እንዲገባ ይጠይቁ፤ የማንጋ ወረቀት ሸካራና ውሃ መጣጭ ስለሆነ እርጥበት ካገኘው ገጹ ይጥመለመላል። ጥግ ጥጉ የሚጎዳውም ካርቶኑ ውስጥ ባዶ ቦታ ሲተርፍ ነው።

አሻሻጭ ድርጅት (በጃፓን ውስጥ ገዝቶ ወደ ውጭ የሚልክ) ሲጠቀሙ ወጪዎቹ በአምስት ቦታ ይወጣሉ፦ የመጽሐፉ ዋጋ፣ ከሻጩ እስከ መጋዘኑ ያለው የአገር ውስጥ መላኪያ፣ የአገልግሎት ክፍያ፣ ዓለም አቀፍ መላኪያ፣ የመድረሻ አገር ቀረጥ። አዲስ ሰው የሚታለለው ሁለተኛው ላይ ነው። 110 የን የሚል ያገለገለ ቅጽ ከስድስት ሻጭ ከለቀሙ ስድስት የአገር ውስጥ መላኪያና ብዙ ጊዜ ስድስት የአገልግሎት ክፍያ ይመጣል። ስለዚህ ቅጽ በቅጽ ከመልቀም «ዘንካን» ተብሎ የተሟላ ስብስቡ በአንድ ሻጭ የሚሸጥበትን ይፈልጉ። መጋዘኑ ዕቃ በነፃ የሚያቆይበትን የቀን ገደብም አስቀድመው ይወቁ።

ወደ ውጭ በቀጥታ የሚልክ መደብር የጃፓንን 10 በመቶ የፍጆታ ግብር ሊቀንስልዎት ይችላል፤ 550 የን ያለው 500 ይሆናል ማለት ነው። በአሻሻጭ ሲገዙ ግን ሽያጩ የተፈጸመው ጃፓን ውስጥ ስለሆነ ግብሩ ይቆረጣል። ለአዲስ መጽሐፍ ቀጥታ ላኪ፣ ላገለገለ ስብስብ አሻሻጭ ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው። «ማንዳራኬ»ን የመሰሉ ያገለገለ ማንጋ ሻጮች ራሳቸው ወደ ውጭ ስለሚልኩ ከሁለቱም መሀል የሚገኝ ጥሩ መንገድ ናቸው።

የእትም ዓይነት ማሳሳቱም የተለመደ ነው። አንድ ሥራ በመጀመሪያው ቅጽ፣ በትንሿ የቡንኮ እትም (10.5 በ14.8 ሴንቲ ሜትር) እና በትልቁ «ካንዘንባን» ሊወጣ ይችላል። በየእትሙ የቅጾቹ ብዛትና የምዕራፍ አከፋፈሉ ስለሚለያይ የአንዱ ቅጽ 5 ከሌላው ቅጽ 5 ጋር አይገጥምም። በስም አይዘዙ፤ በ978-4 በሚጀምረው ባለ 13 አሃዝ የአይ ኤስ ቢ ኤን (የመጽሐፍ መለያ) ቁጥር ይዘዙ። ባገለገለ መጽሐፍ ላይ ሻጩ «ያኬ» ካለ ገጹ ቢጫ ሆኗል ማለት ነው፤ ርካሹ የእንጨት ወረቀት ብርሃንና አየር ሲያገኘው የሚሆነው ነው፤ ለማንበብ አያግድም።

ጉምሩክ ላይ የዕቃው መግለጫ «የታተሙ መጻሕፍት» ይበል፤ የመጻሕፍት የታሪፍ ቁጥር 4901 ነው። በብዙ አገር መጽሐፍ ከሌላ ዕቃ ያነሰ ቀረጥ አለው፤ ከአሻንጉሊት ጋር በአንድ ካርቶን ከገባ ግን ፍተሻውም ክርክሩም ይበዛል። ሻጩ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ እንዲጽፍ አይለምኑ፤ ካርቶኑ ከጠፋ የሚካሱት በተጻፈው ዋጋ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ለትንሹም ጥቅል ተጨማሪ እሴት ታክስ ያስከፍላል፤ አሜሪካም እስከ 800 ዶላር ያለቀረጥ ያስገባ የነበረውን ደንብ ነሐሴ 29 ቀን 2025 አንስታለች። የድሮ ምክር ይዘው አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከጃፓን መደብር የኤሌክትሮኒክ ማንጋ ልገዛ ስል ካርዴ ይመለስብኛል። በዚያ ላይ አንዱ ቅጽ በነፃ፣ ሌላው በግማሽ ዋጋ ይላል፤ ዋጋ ቋሚ ነው አልነበር?

ቋሚ የሆነው የወረቀት መጽሐፍ ነው። የዋጋ ደንቡ የሚመለከተው በእጅ የሚያዝ ዕቃን ስለሆነ የኤሌክትሮኒክ ቅጽ ከደንቡ ውጭ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅጾች በነፃ መስጠት ወይም ግማሽ ዋጋ መቁረጥ የተለመደ የሽያጭ ዘዴ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው አዲስ ቅጽ ሲወጣ ወይም አኒሜው (ከማንጋው የተሠራው የካርቱን ፊልም) ሲጀምር ነው፤ ካልቸኮሉ ይጠብቁት።

ካርዱን በተመለከተ፣ ጃፓን እስከ መጋቢት 2025 መጨረሻ የኢንተርኔት ነጋዴዎች ሁሉ ባንኩ የካርዱን ባለቤት በኮድ የሚያረጋግጥበትን «ስሪ ዲ ሴኪዩር» እንዲያስገቡ አድርጋለች። ባንክዎ ይህን አገልግሎት በካርድዎ ላይ ካልከፈተ ገንዘብ ቢኖርም ይመለሳል። ባንኩን «ስሪ ዲ ሴኪዩር ተከፍቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፣ የማረጋገጫ ኮዱ የሚላክበት ስልክ ቁጥር ትክክል መሆኑንም ያረጋግጡ። ካልሆነ ፔይፓል የሚቀበል መደብር ይምረጡ። ለጀማሪ ጃፓንኛ አንባቢ ደግሞ ለወጣቶች የተዘጋጁት ሥራዎች ከካንጂው (ከቻይና የመጣው የጃፓንኛ ፊደል) ጎን የንባብ ድምፁ በትንሽ ፊደል ተጽፎላቸዋል፤ ለአዋቂዎች የተዘጋጁት አብዛኛውን ጊዜ ይህ የላቸውም። ናሙና ገጹን ከፍተው ሳያዩ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ሕገ ወጥ ድረ ገጾች በነፃ፣ ያውም ቀድመው ያወጡታል። እውነት መክፈል ትርጉም አለው?

ለጃምፕ ሥራዎች «ቀድመው» የሚለው ክርክር ክብደቱ ቀንሷል። ሕጋዊው እንግሊዝኛ ጃፓን ሰኞ እኩለ ሌሊት ላይ፣ በግሪንዊች አቆጣጠር እሑድ በ15፡00 ላይ፣ ከጃፓንኛው ጋር እኩል ይወጣል፤ የቅርቦቹ ሦስት ምዕራፎችም ነፃ ናቸው። ቀድሞ የሚያፈተልከው ወደ ሱቆች ሲጓዝ ከተወሰደ መጽሔት ተነሥቶ በጥድፊያ የተተረጎመ ነው፤ ስምና ንግግር መሳሳቱ የተለመደ ነው።

አደጋውም የወሬ ብቻ አይደለም። በ2018 የተዘጋው ሕገ ወጥ ድረ ገጽ «ማንጋሙራ» ባለቤት በ2021 በፉኩኦካ ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል፤ በ2024 ደግሞ የቶኪዮ ፍርድ ቤት ለሦስት አሳታሚዎች 1.7 ቢሊዮን የን ገደማ እንዲከፍል ወስኖበታል። አንባቢው ላይ የሚደርሰው ግን ከእስራት ይልቅ አጠራጣሪ ማስታወቂያና ድንገት የሚጠፋ ክምችት ነው።

የማንደብቀው ነገር ግን አለ። በየትኛውም ቋንቋ ያልተሸጠ፣ ጃፓንኛ ለማያነብ ሰው ምንም በር ያልተከፈተለት ሥራ ብዙ ነው፤ ለዚህ ተጠያቂዎቹ አንባቢዎች ሳይሆኑ መብቱን ይዘው የተቀመጡት ናቸው። በርካታ የእንግሊዝኛ አሳታሚዎች «የትኛው ይተርጎምላችሁ?» የሚል መጠይቅ ያወጣሉ፤ የሥራውን የጃፓንኛ ስም፣ የአሳታሚውን ስምና የቅጹን ብዛት ጽፎ መላክ በየዋህነት የሚታይ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ የምሰበስበው ማንጋ ቅጽ 7 ከገበያ ጠፍቷል። አንድ ሻጭ 80 ዶላር ጠየቀኝ። ልግዛ?

ገና አይግዙ። መጀመሪያ የአሳታሚው የኤሌክትሮኒክ እትም እስካሁን በሽያጭ ላይ እንደሆነ ይዩ። ካለ መብቱ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ቅጹ የጠፋው ምናልባት ሕትመቱ አልቆ ነው፤ ድጋሚ ሊታተም ይችላል። በ2020 እና በ2021 ፍላጎቱ ድንገት ሲያብጥ ከየሥራው መካከል ያሉ ብዙ ቅጾች እንዲህ ጠፍተው በኋላ ተመልሰዋል። የኤሌክትሮኒኩም ከተነሣ ግን ውሉ አልቆ ሊሆን ይችላል። ኮዳንሻ በ2009 ለቶኪዮፖፕ የሰጠውን መብት ሁሉ እንዲያልቅ ሲተወው፣ መሀል ላይ የነበሩ ሥራዎች እዚያው ቆመዋል፤ አንዳንዶቹን ሌላ አሳታሚ ከቅጽ 1 ጀምሮ እንደ አዲስ አውጥቷቸዋል። በዚህ ጊዜ አዲሱን እትም ሙሉ መግዛት ከአንዷ የ80 ዶላር ቅጽ ብዙም ላይበልጥ ይችላል።

የተጠየቀው ዋጋ በአንጻሩ እጅግ ረክሶ ካገኙት ሐሰተኛ ሕትመት እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ሻጩ ጥቅጥቅ ያለ ግራጫ ጥላ ያለበትን አንድ ገጽ ከቅርብ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። በእውነተኛው ላይ ጥላው ተለይተው የሚታዩ ክብ ነጠብጣቦች ነው። ከስካን የተባዛው ላይ ነጠብጣቦቹ ይደበዝዛሉ ወይም እንደ ጨርቅ ሽመና ያለ ሞገድ ይፈጥራሉ። የጀርባውን ባርኮድ ቁጥርም በአሳታሚው ገጽ ላይ ይፈልጉት፤ የሌላ ቅጽ ሆኖ ከተገኘ ይተዉት።